ግልባጭ

ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ቁጥር የሰጠሁት፣ ቀኑን የሞላሁት፤
ማኅተሙ ደብዝዞ አልነበብ ቢለኝ
እንዲጠራ ብዬ ደግሜ የመታሁት።

ሰኔ ነበር፤ ድሬ ላይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ይዞ ሲመጣ።

ኢፍቱ ኡመሬ፣ ከክር ቆረጣ መስመር፣
ቆሞ ከሚዋልበት፣ ቆሞ ከሚታደር፣
በግንቦት መጥታ ነበር ከቢሮዬ።
ሰባት ወሯ ነው። የነጠላ ጫማዋ ጠፍር
ቁርጭምጭሚቷ ውስጥ ሰምጦ ጠፍቷል።
«አቦ እህቴ» አለችኝ፣ «ይቻል እንደሁ እንዲያው፣
አንዲት በርጩማ ነች፤ ከቤቴ ነው የማመጣው።
ደግሞ የሌሊቱን ፈረቃ፣ እስክገላገል…»
በሁለት ቅጂ ነው የጻፈችው፣ በእጇ።
አንዱን ማኅተም አድርጌ መመለስ ነበረብኝ፤
አልመለስኩም።
ከፊቴ ባዶ ወንበር ነበር።
ተቀመጪ አላልኳትም።

አቶ ተካልኝ አነበበው፤ መነጽሩን አወለቀ፤
ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእናቱ በየወሩ ብር ይልካል።
«ለአንዷ ብንፈቅድ» አለ፣ «ነገ መስመሩ ሁሉ ቁጭ ይላል።
እኩልነት ከሆነ፣ ወንዱም ሴቱም እኩል ይቆማል።»

እኩል ለሁሉም ነው ደቻቱ ሲሞላ፤
ዳር ያለውን ቤት ነው አስቀድሞ የሚበላ።

ረቂቁ በሳምንቱ መጣ፣ በእስክሪፕቶ፦
«በሥራ አፈጻጸም ማነስ።»
ጣቶቼ ይህን ሐረግ ሳያዩ ይጽፉታል፤
ለዘምዘም ጽፈውታል፣ ለአስካለ ጽፈውታል፣ ለሮዳስ ጽፈውታል።
ሆድ ሲገፋ አፈጻጸም ይቀንሳል።
ሰክሮ መጥቶ ማሽን ለሰበረው መካኒክ ግን፣
በአራተኛ ጊዜው፣
ማስጠንቀቂያ ነው የጻፍኩለት፣ «የመጀመሪያ» የሚል።

አዋጁ መደርደሪያው ላይ አለ፤
የሻይ ብርጭቆ ክብ አትሞበታል።
አንቀጽ ሰማንያ ሰባት የት ገጽ እንዳለ
ዓይኔን ጨፍኜ እገልጠዋለሁ።
ለሷ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነበር ያነበብኩት፤
በአምስት ወሬ፣ በዚህ ሐሩር፣ ጃኬት ደርቤ፣
ፋይል ሆዴ ላይ ታቅፌ፣
«ጨጓራ ነው» እያልኩ ትውከቴን ስውጥ፣
ልጄን እንደ «ጥብቅ ምስጢር» ደብዳቤ
በሁለት ፖስታ አሽጌ ሳሳልፍ።

ከደብዳቤው ግርጌ፦ ግልባጭ፣
ለፋይናንስ፣
ለሰው ሀብት፣
ለጥበቃ።
ለጥበቃ፣ በሩ እንዲያውቃት፣ እንዳያስገባት።
ጋሽ ሮብሌ መታወቂያዋን ተቀበላት፤
አንድም ቃል አልወጣው፤
የሚቀመጥባትን ዱካ በእግሩ ገፋ አድርጎ
የኒሙን ጥላ አሳያት።
ባጃጅ እስኪመጣ ተቀመጠች።
በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ፋብሪካ የሰጣት ወንበር
ከበሩ ውጭ ነበር።

ዛሬ ከቦርዱ መጥሪያ መጣ፤ ምስክር ተብያለሁ።
«ማመልከቻ አልደረሰንም በይ፤ ያው የምታውቂው ነው»
አለኝ አቶ ተካልኝ፣ ሳያየኝ፣ ስልኩን እየነካካ።
ገቢ መዝገቡን ትናንት ሹፌሩ ወስዶታል።
ዋናውም ከፋይሏ የለም።
ሁለተኛው ቅጂ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣
ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር ታጥፎ።
ለምን እንዳስቀመጥኩት አትጠይቁኝ።

ሳቢያን፣ ቤቴ፤ መብራት ጠፍቷል። በስልኬ ብርሃን
ገለበጥኩት ግልባጩን።
ከጀርባው በእርሳስ፣ በጠማማ ፊደል፣
ማንም ያላነበበው አንድ መስመር አለ፦
«ቁመቱ ሦስት ስንዝር ነው። መንገድ አይዘጋም።»

ሐሙስ ነው ቀጠሮው።
ተነስቼ የወጥ ቤቱን በርጩማ በስንዝሬ ለካሁ፤
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት።
ኮሪደሩ መሃል አቆምኳት።
ልጄ ውሃ ፈልጎ በጨለማ መጣ፤
በአጠገቧ አለፈ።
አልነካትም።